ከክንፉ ሥር ያለው ቀለም

ሠዓሊዋ ፌንጣውን ወደ ቤት ያመጣችው የምትሠራበት ክፍል ስለሚቀዘቅዝ ነው። ክፍሉ የቤተ መዘክሩ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ግድግዳው ሁሉ መሳቢያ ነው፣ መሳቢያው ሁሉ በመርፌ የተወጉ ነፍሳት ናቸው። ከእነሱ መሃል አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ የውሃ ቀለምና ጫፋቸው ከሽፋሽፍት የቀጠነ ብሩሾች አሏት። አዲስ ዝርያ ተገኝቶ ስለ እሱ ሊጻፍ ሲል ሥዕሉን የምትሥለው እሷ ናት። ፎቶ እያለ ሥዕል ለምኔ የሚሏት ሰዎች አይጠፉም። "ፎቶ ያገኘውን ያነሳል፣ እኔ የፈለግኩትን" ብላ ትስቃለች።

ይህ ፌንጣ ግን ሳቋን ቀማት።

ያገኘችው አለቃዋ፣ ፕሮፌሰሯ ናት። ከከተማው ዳር፣ ከውሃ ማጣሪያው ጀርባ፣ ማንም ከርክሞት የማያውቅ የቁጥቋጦ አጥር አለ። መጀመሪያ እዚያ የተገኘው ሞቶ ነበር፤ አንድ የኋላ እግሩ የለም፣ የክንፉ ጠርዝ ተበልቷል፣ መልኩም እንደ ደረቀ ጭድ ሆኗል። ቢሆንም ፕሮፌሰሯ በማይክሮስኮፕ አይታው ከወንበሯ ተነሳች። በመሳቢያዎቹ ውስጥ ካሉት የቁጥቋጦ ፌንጣዎች አንዱንም አይመስልም። ከዚያ ደጋግማ ሄዳ፣ እሾህ እጇን ቧጥጧት፣ በመጨረሻ አንድ በሕይወት ያለ ወንድ በብልቃጥ ይዛ መጣች።

"ቶሎ ሣይልኝ" አለቻት። "እነዚህ ሲሞቱ ቀለማቸው አብሯቸው ነው የሚሄደው።"

የቁጥቋጦ ፌንጣ ከለመድነው የሣር ፌንጣ የሚለየው በአንቴናው ነው፤ ከገዛ ገላው ይረዝማል፤ ክር ብሎ ክር ነው። ወንዱ የፊት ክንፎቹን ከፍ አድርጎ እርስ በርስ እያፋተገ ይዘፍናል። ይህኛው ሲቀመጥ ቅጠል ነው፤ አረንጓዴ፣ በጎኑ ቀጭን ነጭ መስመር ያለው። ሊዘፍን ክንፉን ሲያነሳ ግን ከሥሩ ሌላ ቀለም ብቅ ይላል። ፕሮፌሰሯ አጥሩ ውስጥ አንድ አፍታ አይታዋለች፣ ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ ግን መናገር አቃታት። በምድር ቤቱ ብርድ ደግሞ ፌንጣው ድንዝዝ ብሎ ተቀመጠ፤ አልዘፈነም፣ ክንፉንም አላነሳም። ስለዚህ ሠዓሊዋ ብልቃጡን በሻርፕ ጠቅልላ ወደ ቤቷ ወሰደችው።

ከቤቱ ክፍሎች ሁሉ የሚሞቀው የአባቷ ነው፤ የውሃ ማሞቂያው ከግድግዳው ጀርባ ስለሆነ። አባቷ ዕድሜውን በከተማ አውቶቡስ መሪ ላይ የጨረሰ ሰው ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከቤት መውጣት ትቷል፤ ቃልም ቆጥቧል። ከሰዓት በኋላ ክንድ ማስደገፊያ ባለው ወንበር ላይ ሸለብ ያደርገዋል፤ በእንቅልፍ ልቡም ይነዳል። ቀኝ እግሩ ፍሬን ይፈልጋል። አንዳንዴ "ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ" ይላል፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። ሲነቃ ደግሞ የት እንደደረሰ ለማወቅ ብዙ ይቆያል፤ ክፍሉን እንደማያውቀው ፌርማታ ዙሪያውን ያያል።

ሴት ልጁ ብልቃጡን መስኮቱ ሥር ስታስቀምጥ ያየው እንዲህ ሲነቃ ነው።

"ይሄ ደግሞ ማነው?" አለ።

"እንግዳ ነው አባዬ። ስም ገና አልወጣለትም።"

"ስሙን ሳታውቂ ነው ሰው ክፍል የምታስገቢው?"

የዚያን ቀን የተናገረው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር። ሠዓሊዋ ደስ አላት። መልሱን ከበሩ ላይ አክስቷ ቀደመቻት። አክስት የአባቷ ታናሽ እህት ናት፤ ወንድሟን ለማጽናናት ለሳምንት ብላ መጥታ በዚያው ቀርታለች። ፀጥታ ያስፈራታል፤ ስለዚህ ፀጥታ ባየችበት ሁሉ ወሬ ትሞላበታለች።

"ሰው ድመት ያመጣል፣ ሰው ወፍ ያመጣል" አለች። "የኛዋ ፌንጣ! ነገ ደግሞ ጊንጥ ተሸክማ ትመጣለች። ወንድም ጋሼ፣ አንድ ነገር በላት እንጂ!"

ወንድም ጋሼ ግን ወንበሩን ወደ መስኮቱ እየጎተተ ነበር።

ሠዓሊዋ ፌንጣውን ከብልቃጡ አውጥታ፣ በስስ መረብ በተሸፈነ ሰፊ ሣጥን ውስጥ ከቅጠል ጋር አስቀመጠችው። ሙቀቱ ቀስ እያለ ገባው። መጀመሪያ አንዱን አንቴና፣ ቀጥሎ ሌላውን በአፉ ውስጥ እያሳለፈ ጠረገ። ቀኑ ሲደበዝዝ ክንፉን አነሳና ዘፈነ። ድምፁ ስል መቀስ ሐር ሲቆርጥ የሚሰማውን ይመስላል፤ ጭረት፣ ዝም፣ ረጅም ጭረት። ክፍሉ ያለ ልኩ የሰፋ መሰለ። ግድግዳዎቹ ወደ ኋላ ሸሽተው፣ አልጋውም ወንበሩም ረጅም ሣር መሃል የተቀመጡ ያህል ሆነ። አክስት እንኳ ለትንሽ ጊዜ ያወራችው በሹክሹክታ ነው።

ቀለሙን አየችው። አየችውና ጠፋባት። ወይን ጠጅ ነው ስትል መዳብ ይሆናል፣ መዳብ ነው ስትል እንደ ጭስ ይሳሳል። የአባቷ መስኮት ፊት ለፊት የጎረቤት ግድግዳ ስላለ የጠረጴዛ መብራት ማብራት ነበረባት። በመብራቱ እያየች ቀለም ቀላቀለች፣ ቀባች፣ አልሆነም፤ ደግማ ቀባች፣ ጭቃ ሆነ። በማግስቱም ያው። ጠረጴዛው ላይ የተበላሹ ወረቀቶች ተከመሩ።

አባቷ ግን በየቀኑ ወንበሩ ላይ ቀድሟት ይገኝ ጀመር። እንቅልፉና የፌንጣው ዘፈን እየተቀላቀሉ፣ አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር እሱም አልለየም። ዘፈኑ ሲመጣ ዓይኑን ከፈት አድርጎ ይናገራል።

"ዛሬ ዝናብ ካባራ በኋላ አስፋልት ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ነው የሚመስለው።"

ሌላ ቀን ደግሞ፣ "ጠዋት ጠዋት፣ የመጀመሪያውን ሰው ሳልጭን፣ የፊት መስታወቴ ላይ የማየው ሰማይ ነው" አለ።

አንድ ጊዜም፣ "ዓይንሽን ጨፍነሽ ፊትሽን ወደ ፀሐይ አዙሪ። እሱን ነው" አላት።

"ጆሮው የት ነው ግን?" ብሎ ጠየቃት ያን ዕለት።

"የፊት እግሮቹ ላይ፣ ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ። ሁለት ትናንሽ ስንጥቆች አሉ፣ ይታዩሃል?"

አባቷ ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ የራሱን ጉልበት ዳበሰ። "የኔ ጉልበት ዝናብ ሊመጣ ሲል ብቻ ነው የሚሰማው" አለ። አክስት ከወጥ ቤት ሳቀች። ሠዓሊዋ አቀርቅራ ብሩሿን ማጠብ ቀጠለች፤ ቀና ብትል ዕንባዋ ያሳብቅባት ነበር።

ፕሮፌሰሯ የደወለችው በዚያ ሳምንት መጨረሻ ነው።

"ይበላል?"

"ይበላል። ይዘፍናል። ቀለሙ ግን አልያዝ አለኝ፣ ፕሮፌሰር።"

"ተጨማሪ ጊዜ ልሰጥሽ አልችልም" አለች ፕሮፌሰሯ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። "አርጅቷል። በራሱ ጊዜ ከሞተ ይበሰብሳል፣ አንቴናው ይሰባበራል፣ እንደ መጀመሪያው ይሆንብናል። የዝርያው መታወቂያ ሆኖ የሚቀመጥ አንድ ሙሉ አካል ያስፈልገናል። ያለሱ ደግሞ ስም የለም። ነገ አምጪው።"

ስልኩን ስትዘጋ አባቷ እያያት ነበር።

"ነገ ምንድን ነው?"

መዋሸት አልሆነላትም፤ ሁሉንም ነገረችው። ቅዝቃዜውን፣ መርፌውን፣ መሳቢያውን።

"ስም ሊያወጡለት ነው የሚገድሉት?"

"እንደሱ ስትለው ይከብዳል፣ አባዬ።"

"እንዴት ልበለው ታዲያ?"

ሠዓሊዋ ወደ ሣጥኑ ዞረች። ፌንጣው ዘፍኖ ጨረሰ፤ ቅጠሉ ላይ ዞረና ጀርባውን ሰጣቸው። ሠዓሊዋ በልቧ የመረቡን ጠርዝ ገልጣ መስኮቱን ስትከፍት ታያት። ከመስኮቱ ውጭ ግን ያለው የጎረቤት ግድግዳና ሲሚንቶ ነው፤ እንኳን ቁጥቋጦ አንድ ሣር አይበቅልበትም።

"በእናትሽ ጊዜ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር" አለ አባቷ በመጨረሻ። ተቆጥቶ አልነበረም፤ ስላለፈ ፌርማታ እንደሚያወራ ሰው ነው ያለው። "ሲቀሰቅሱኝ አልቋል። ነገ እኔ ይዤው እሄዳለሁ። በሩ ላይም አልቀርም፣ እገባለሁ።"

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ኮቱን ለበሰ። አክስት ከረባቱን ስታስርለት፣ "ሠርግ ነው ወይስ ምንድን ነው?" ለማለት አፏን ከፍታ ፊቱን ስታይ ተወችው፤ አንገትጌውን ብቻ አስተካከለችለት። ታክሲው ውስጥ ሠዓሊዋ ባዶውን የመረብ ሣጥን ታቀፈች፤ እሱ ፌንጣው የገባበትን ብልቃጥ ኮቱ ውስጥ፣ ደረቱ ላይ ለጥፎ ያዘው። በመንገዱ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ፤ ሹፌሩን፣ "ጉድጓዱን ቀስ በልልኝ" አለው።

የፕሮፌሰሯ ቢሮ ከምድር ቤቱ ሦስት ፎቅ በላይ ነው፤ መስኮቱ ወደ ምዕራብ ይከፈታል። ፕሮፌሰሯ ሽማግሌው ራሱ ተሸክሞት ሲገባ ስታይ ከጠረጴዛዋ ተነሳች፤ ወንበር ሳበችለት።

"ይቀመጡ አባባ። ሞቅ አድርገው ነው ያመጡት።"

"መስኮቱ ጋ ልሁን" አለ አባቷ። "እኔ ቤት የነበረው ግድግዳ ሲያይ ነው። ትንሽ ፀሐይ ይይ።"

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ወደ ጣሪያዎቹ ወርዳ ነበር። ፌንጣውን ከቅጠሉ ጋር በመረቡ ሣጥን ውስጥ የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጡት። የአባቷ ደረት ሙቀት ከገላው አልወጣም መሰል፣ ብዙም አላስጠበቀም። ክንፉን አነሳ።

ሠዓሊዋ ፌንጣውን በመብራት እንጂ በፀሐይ አይታው አታውቅም ነበር። አሁን ብርሃኑ ከኋላው መጣ። ከክንፉ ሥር ያለው ስስ ሽፋን ብርሃኑን አልመለሰውም፤ አሳለፈው። ያን ጊዜ ገባት። ያን ሁሉ ቀን ቀለም ላይ ቀለም ስትደርብ የኖረችው በከንቱ ነው፤ የምታየው ነገር የተቀባ ነገር አልነበረም። በአንድ ስስ ነገር ውስጥ የሚያልፍ ብርሃን ነበር።

ወረቀት አወጣች። ከክንፉ ሥር ያለውን ቦታ ባዶውን ተወችው። በውሃ እጅግ የቀጠነ ወይን ጠጅ አንድ ጊዜ ብቻ አለፈችበት፤ ሳይደርቅ በጠርዙ መዳብ ነካ አደረገች። ከዚያ እጇን ሰበሰበች። የወረቀቱ ነጭ ከሥር ወደ ላይ መጣ፤ ክንፉ በራ።

ፌንጣው ብቻ ሐሩን ይቆርጣል። ፕሮፌሰሯ ትከሻዋ ላይ ጎንበስ ብላ ሥዕሉን አየች፣ ፌንጣውን አየች፣ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች።

ፀሐይዋ ስትጠፋ ዘፈኑም ቆመ። ፕሮፌሰሯ ፌንጣውን ወደ ብልቃጡ መለሰችና ጥግ ላይ ያለውን ማቀዝቀዣ እያሳየች ወደ ሠዓሊዋ አባት ዞረች።

"ማቀዝቀዣው ውስጥ ነው የሚገባው፣ አባባ። መጀመሪያ ይደነዝዛል። ከዚያ ይተኛል። ከተኛ በኋላ የሚሰማው ነገር የለም።"

"ሕልም ያያል?"

ፕሮፌሰሯ አሰበች። "አላውቅም" አለች። "እኔ ብቻ አይደለሁም፣ የሚያውቅ ሰው የለም።"

"እንግዲያው ያያል እንበል" አለ አባቷ፤ ብልቃጡን ከእጇ ተቀብሎ ራሱ አስገባው።

ከዚያ ወንበሩን አስጠግቶ ማቀዝቀዣው አጠገብ ተቀመጠ፤ መዳፉን በሩ ላይ አሳርፎ። ማሽኑ ያንጎራጉራል። ሠዓሊዋ እንቅልፍ እንዳይወስደው ስትሠጋ ነበር፤ ነገር ግን ዓይኑ ክፍት ነው፣ ቀኝ እግሩም ምንም አይፈልግም። ፕሮፌሰሯ ሻይ አምጥታ አጠገቡ አስቀመጠች። ሻዩ ቀዘቀዘ። ጊዜው ሲደርስ ፕሮፌሰሯ ትከሻውን ነካችው፤ እሱም ተነሳና ኮቱን ቆለፈ።

ጽሑፉ በመጽሔት ላይ የወጣው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ሠዓሊዋ አንዱን ቅጂ ቤት ይዛ መጣች። ስለ ቀለሙ በሚያወራው ክፍል ውስጥ "ዝናብ ካባራ በኋላ አስፋልት ላይ የፈሰሰ ናፍጣ" የሚል ሐረግ አስገብታ ነበር፤ አዘጋጆቹ ሰርዘው "ፈዛዛ ወይን ጠጅ፣ ጠርዙ መዳብማ" ብለውታል። ፕሮፌሰሯ ያወጣችለት ስምም "አጥር ውስጥ የሚኖር" ማለት ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም።

"ይሄ ስም ነው?" አለች አክስት። "እንቅልፍ አጥቼ ያስተናገድኩት እኔ! በኔ ስም ቢጠሩት ምን ነበረበት?"

አባቷ ሥዕሉን ብዙ አየው፤ ጣቱን ሳያስነካ በላዩ አሳለፈው። ከዚያ መነጽሩን አድርጎ ጽሑፉን ያነብ ጀመር፤ የገባውንም ያልገባውንም። መጨረሻው ላይ ቆመ።

"ይሄ ምንድን ነው? 'ሴት፦ አልታወቀችም' ይላል።"

"ሴቷ አልተገኘችም ማለት ነው፣ አባዬ። የተገኙት ሁለቱም ወንዶች ናቸው። እንደዚህ ነው የሚጻፈው።"

"አልታወቀችም ብሎ መዝጋት አለ እንዴ?" ድምፁ ከፍ አለ። "ያ ሁሉ ዘፈን ለማን ነበር? አለች እንጂ። ያላያችኋት እናንተ ናችሁ።"

ሙቀቱ ሲመለስ፣ አባትና ልጅ ከፕሮፌሰሯ ጋር ወደ ውሃ ማጣሪያው ጀርባ መሄድ ጀመሩ። የሚታጠፉ ወንበሮች ይዘው አመሻሹ ላይ አጥሩ ሥር ይቀመጣሉ። የምትዘፍነው ሴቷ አይደለችም፤ ድምፅ የላትም። ወንዱ ሲዘፍን በፊት እግሮቿ ትሰማና ቀስ ብላ ትመጣለች። ፕሮፌሰሯ ይህን ካስረዳች በኋላ ሥራቸው ወንዱ በሚዘፍንበት ቁጥቋጦ አጠገብ ዝም ብሎ መጠበቅ ሆነ። አባቷ ለዚህ የተፈጠረ ነበር። ወንዶቹ አንዱ ከዚህ አንዱ ከዚያ ይጀምራሉ፤ አጥሩ ሁሉ ሐር ይቆርጣል፤ ሰማዩ ይጠቁራል፤ የማጣሪያው ውሃ ከሩቅ ይፈሳል። አንድም ሴት ሳያዩ ወንበራቸውን አጣጥፈው ይመለሳሉ። አባቷ ግን ሲመለስ የሚያወራው ነገር አለው፤ እራት ላይ ጨው አቀብሉኝ ይላል፣ የማን ድምፅ ቀድሞ እንደጀመረ ይናገራል።

አክስት ብቻዋን ቤት መቅረት ሰለቻትና እሷም መምጣት ጀመረች። ጃንጥላ፣ ትኩስ ሻይ በፔርሙዝና የማያልቅ ወሬ ይዛ። ፕሮፌሰሯ መጀመሪያ በትህትና፣ ኋላም በግልጽ ዝም እንድትል ለመነቻት። "እኔ ዝም ካልኩ እናንተ ታስፈሩኛላችሁ" ብላ አክስት ወሬዋን ቀጠለች። የጎረቤቷን ልጅ ትዳር ከሥሩ እያብራራች ሳለ፣ አንድ ምሽት፣ ቃሏ መሃል ላይ ተቆረጠ።

ሦስቱም ዞሩ። አክስት የሻይ ኩባያውን እንደያዘች ደርቃለች። ክንዷ ላይ፣ አበባማው የቀሚሷ እጅጌ ላይ፣ አንድ አረንጓዴ ነገር ተቀምጧል። ከወንዱ ወፈር ይላል፤ ከጅራቱ እንደ ትንሽ ማጭድ የታጠፈ ስለት ወጥቷል፤ እንቁላል የሚተከለው በእሱ ነው። አንቴናዎቹ በአክስት አገጭ ሥር አየሩን ይዳስሳሉ።

"ወንድም ጋሼ" አለች አክስት፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። "እጄ ላይ ያለው ምንድን ነው? እንዳትነግረኝ።"

"እሷ ናት" አለ አባቷ።

ፕሮፌሰሯ ከቦርሳዋ ብልቃጥ አውጥታ ከፈተች። ሠዓሊዋ እርሳሷን አንስታ መሣል ጀምራለች፤ ቁጥቋጦው ውስጥ ወንዱ ይዘፍናል፤ ሴቷ አንድ የፊት እግሯን ከእጅጌው አንስታ፣ አየር ላይ ይዛ፣ ታዳምጣለች። ፕሮፌሰሯ አንድ እርምጃ ቀረበች።

"ቆዩ እንጂ!" አለች አክስት፣ ጥርሷን ገጥማ። "እየሰማች እኮ ነው። ዘፈኑ ይለቅ።"

ፕሮፌሰሯ ቆመች። ለምን እንደቆመች በኋላ ራሷም ማስረዳት አልቻለችም። ዘፈኑ አለቀ። ሴቷም ተስፈንጥራ አጥሩ ውስጥ ገባች፤ ቅጠል ቅጠል ሆነች።

ፕሮፌሰሯ ለፕሮፌሰር የማይገባ ቃል ከአፏ አመለጣት። አባቷ ሳቀ። ጮክ ብሎ፣ ሆዱን ይዞ፣ ወንበሩ እስኪንቋቋ ድረስ ሳቀ፤ በዙሪያቸው ያሉ ፌንጣዎች በሙሉ ደንግጠው ዝም አሉ። አክስት ግን አልሳቀችም። እጅጌዋን እያየች፣ "ክብደት የላትም" አለች። "ምንም ክብደት የላትም።" ወደ ቤት እስኪገቡ ድረስም ሌላ ቃል አልተናገረች።

በማግስቱ ፀሐይ ገና ሳታዘቀዝቅ፣ ያንኑ አበባማ ቀሚስ ለብሳ፣ ወንበሯን አጣጥፋ፣ ከሁሉም ቀድማ በሩ ላይ ቆማ ነበር።